መተርተር ያስተማሩኝ እትዬ ሉባባ

የእትዬ ሉባባን ሞት የሰማሁት የተማሪ ዩኒፎርም እየቀመቀምኩ ነው። ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም። አብራኝ ስፌት የተማረችው ሀያት ደወለችና፣ «ዘሀራ፣ ኢና ሊላሂ በይ» ብቻ አለችኝ። ማን እንደሞተ አልጠየቅኳትም። ከረመዳን ወዲህ ሰውነታቸው እያለቀ ስለነበር ሁላችንም ስንጠብቀው የቆየ ነገር ነው። የያዝኩትን እጅጌ ጨርሼ፣ ክሩን በጥሼ ተነሳሁ። ለምን ጨርሼው እንደተነሳሁ እስካሁን አይገባኝም። ምናልባት እንባዬ እስኪመጣ ጊዜ እየሰጠሁት ይሆናል። አልመጣም። የመጣው ድካም ነው፤ ከትከሻዬ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የወረደ ድካም።

ድካምን እሳቸው ያውቁት ነበር። ጎረቤት አልፎ ሲሄድ፣ «እንዴት ዋሉ እትዬ?» ካላቸው፣ መልሳቸው ሁልጊዜ፣ «ደክሞኝ፣ አልሀምዱሊላህ» ነው። እያማረሩ አይደለም። ሌላው «ደህና» እንደሚለው ነው የሚሉት።

ያወቅኳቸው ከአረብ አገር በተመለስኩ በሦስተኛው ወር ነው። ስለራሴ ብዙ አልናገርም። ከከሚሴ ወጥተው እንደኔ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሴቶች ብዙ ስለሆኑ ታሪኬ አዲስ አይደለም። እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ደላላው በጎረቤት በኩል፣ «ሌላ መንገድ ተገኝቷል፣ ይህ ይሻላል» እያለ ይልክብኝ ጀምሯል። እናቴ መሄዴንም ፈራች፣ ያለሥራ ቤት መቀመጤንም ፈራች። አንድ ቀን ጠዋት ሂጃቧን አጠለቀችና እጄን ይዛ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከመስጊዱ በስተጀርባ ወዳለ ግቢ ወሰደችኝ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራ እንዳይቆም የስፌት መኪናዋ ከበሩ አፍ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴትዮ ሦስት አራት ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ይሰፋሉ። መነጽራቸው አንድ እግር የለውም፤ በእግሩ ፈንታ ላስቲክ ሰፍተውለት ጆሯቸው ላይ አጥልቀውታል። ገና ጥላችን በሩ ላይ ሲያርፍ ፔዳሉን አቆሙ፣ ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ቀና ብለው ፊታችንን አዩ። መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን። ያኔ አክብሮት መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ለማንም እንደዚያው እንደሚያደርጉ አየሁ። ሥራው የቱንም ያህል ቢያስቸኩላቸው፣ በዚያ በር ሕፃን ልጅ እንኳ ቢገባ መኪናዋ ትቆማለች፣ ዓይናቸው ይነሳል።

«አካም ቡልተኒ?» አሉን።

እናቴ በኦሮምኛ ሰላምታውን መለሰችና ወደ አማርኛ ዞረች። «ልጄን ስፌት ያስተምሩልኝ ብዬ ነው። የምከፍልዎት ግን…»

«ደላላ እየተመላለሰባት ነው?»

እናቴ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያው ክፍያ የለም።» ወደኔ ዞሩ። «እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን ልሂድ ካልሽ፣ እዚህ መጥተሽ፣ ፊቴ ቆመሽ ትነግሪኛለሽ። ተደብቀሽ አትሄጂም። በአላህ ስም ቃል ትገቢያለሽ?»

ሌላ ነገር ነበር የጠበቅኩት፤ «አልሄድም» በይ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «እገባለሁ» አልኩ።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ኮቱ፣ ነይ ቁጭ በይ።»

ስፌት በመኪና የሚጀመር መስሎኝ ነበር። አራት ሳምንት ሙሉ መኪናዋን እንድነካት አልፈቀዱልኝም። ወንድማቸው ጋሽ ይመር የከብት ነጋዴ ናቸው። ሰንበቴ ገበያ በዋሉ ቁጥር፣ ማንም ያልገዛውን የልባሽ ጨርቅ ትርፍራፊ በጆንያ ለቅመው ያመጡላቸዋል፤ ጉልበቱ የተበሳ ሱሪ፣ ገበሩ የተቀደደ ኮት፣ አንገትጌው የነተበ ሸሚዝ። ጆንያውን ፊቴ ዘረገፉትና በእንጨት ላይ የታሰረ የምላጭ ስባሪ ሰጡኝ።

«ተርትሪ።»

«ከተረተርኩት በኋላስ ምን ላድርገው?»

«መጀመሪያ ተርትሪ።»

ተረተርኩ። ጣቴን ቆረጥኩ፣ ጨርቁን ቀደድኩ፣ በልቤም ሴትዮዋ የሚያስተምሩት ነገር ስለሌላቸው ጊዜዬን እያባከኑት ነው አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የወንድ ሸሚዝ ተርትሬ እጅጌውን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ደነገጥኩ። እጅጌ ቀጥ ያለ፣ እንደ ቧንቧ የተጠቀለለ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር። ሲዘረጋ ግን የላይኛው ጫፉ እንደ ጉብታ ክብ ነው፤ አንዱ ወገን ከሌላው ወገን ጠለቅ ይላል። «እጅጌ ማለት ይሄ ነው እንዴ?» አልኩ ሳላስበው።

እትዬ ሉባባ ፔዳሉን አቆሙ። መጀመሪያ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው መሰለኝ። «አየሽ? ያ ሰፊ ምን አስቦ እንደሰፋው አሁን ነገረሽ። መስፋትማ መኪናዋም ታውቃለች።»

በሳቸው ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም። ከተተረተረው ልብስ የወጣ ዚፕና ቁልፍ በቆርቆሮ ይጠራቀማል። ሳይበጠስ የተሳበ ክር በእንጨት ላይ ይጠቀለልና ለመወስወሻ ይሆናል። ቅድ የምንስልበትን ወረቀት ከግንባታ ቦታ የሲሚንቶ ከረጢት ለምነን፣ ደጅ አራግፈን እናመጣለን። ጠመኔያችን ያለቀ ሳሙና ቁራጭ ነው። ሜትራቸው ደግሞ ከዕድሜ ብዛት መጀመሪያው ተበልቶ የሚጀምረው ከአስር ላይ ነበር። «ለክተሽ አስር ቀንሺ» ይላሉ። አንድ ቀን ልክ ስወስድ አስሩን መቀነስ ረስቼ ለእናቴ የሰፋሁት ቀሚስ ሁለት ሴት የሚያስገባ ሆነ። እናቴ ለብሳው በግቢው ስትዞር እትዬ ሉባባ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ቃል ግን፣ «አውልቂው፣ ትተርትረው» ነው።

መኪናዋ ላይ የተቀመጥኩት በአምስተኛው ሳምንት ነው። ያውም ያለ ክር። የደብተር ወረቀት ሰጥተውኝ መርፌዋን በመስመሩ ላይ እንዳስኬድ አዘዙኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አንስተው ቀዳዳዎቹ ከመስመሩ መውጣት አለመውጣታቸውን ያያሉ። «ክር ጥቂት ነው፣ ስህተትሽ ብዙ ነው። መጀመሪያ ስህተትሽን በወረቀት ላይ ጨርሺ።» በዚያ ወር ሦስት መርፌ ሰበርኩ። መርፌ ሲሰበር አይቆጡም፤ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ስባሪ ይፈልጋሉ፣ በወረቀት ይጠቀልላሉ፣ የሰው እግር እንዳይወጋ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይከታሉ። ሦስተኛዋን ስሰብር አለቀስኩ።

«አብሽሪ» አሉኝ። «መርፌ የሚሰበረው ሰው ሲቸኩል ነው። የምትሄጂበት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ሱታ።» ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሉት እንጃ። ለኔም፣ ለመኪናዋም፣ በበሩ ለሚያልፈው ባጃጅም ይሉታል።

በከተማው በየበረንዳው መኪና ዘርግተው የሚሰፉት ወንዶች ናቸው። እትዬ ሉባባን ሴት ሰፊ ብለው ከቁጥር አያስገቧቸውም ነበር። ነገር ግን የሰው ጨርቅ ሲያበላሹ በጆንያ ጠቅልለው የሚያመጡት ለሳቸው ነው። አንዱ የሙሽራ ቀሚስ አጥብቦ ቀዶ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ላብ በላብ ሆነ። እትዬ ሉባባ ጨርቁን ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በሁለቱ ጎን ሌላ ጨርቅ ጨምረው፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ጌጥ አስመሰሉት። ሰውየው ሲያመሰግን፣ «ለማንም አልናገርብህም። ለራስህ ግን ንገረው» አሉት።

ሀያት የመጣችው እኔ በሁለተኛ ዓመቴ ሳለሁ ነው። የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ናት። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እሷም እንደኔ ያንኑ ቃል ገብታ ነው የተቀመጠችው። እኔ በዓመት የያዝኩትን በሦስት ወር ያዘች። የእጇ ፍጥነትና የሳቋ ፍጥነት አንድ ነው። እትዬ ሉባባ፣ «ይህቺ ልጅ ሱታ የሚባል አታውቅም» እያሉ ቢቆጡም፣ እሷ የሰፋችውን ሲያገላብጡ ዓይናቸው እንደሚበራ አይ ነበር። እቀና ነበር፤ ዛሬ ልሸሽገው አልፈልግም።

በዚያ ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የአባቷን ማሽላ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሀያት መሳቅ ተወች። አንድ ቀን ጠዋት መጥታ እንደ ወትሮዋ ቁጭ አላለችም። በሩ ላይ ቆመች። መኪናዋ ቆመች።

«እትዬ፣ ቃሌን ልጠብቅ ነው የመጣሁት። ልሄድ ነው።»

እትዬ ሉባባ መነጽራቸውን አወለቁ። ብዙ አዩዋት። ይቆጣሉ፣ ይለምኗታል፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«መቼ?»

«ከነገ ወዲያ።»

«በየት በኩል?»

«በባሕር።»

«አባትሽ ምን አሉ?»

«ሂጂም አትሂጂም አልልሽም አሉኝ።» ድምጿ ተሰበረ። «ማሳውን ሲያዩ ነው የሚውሉት።»

«ያ ረቢ…» አሉ። ከዚያ፣ «ሂጂ፣ ለመንገድ የምትለብሽውን የውስጥ ቀሚስ አምጪው።»

«ለምን እትዬ?»

«አምጪው ብዬሻለሁ። ቦርሳሽን ይወስዱታል። ስልክሽን ይወስዱታል። ልብ በይ፣ ጫማሽንም ሊወስዱት ይችላሉ። ይህ ግን ከገላሽ ጋር ይቀራል።»

ከሰዓት በኋላ ነጭ የውስጥ ቀሚስ ይዛ ተመለሰች። እትዬ ሉባባ ዘቅዝቀው የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፉና ለኔ ሰጡኝ። ዓይናቸው በቅርብ ለማየት ያን ጊዜ ደክሟል። «ዘሀራ፣ አንቺ አረብ አገር ነበርሽ። ከዚያ ወደዚህ ሲደወል ከስልኩ ቁጥር በፊት የሚጨመር አለ አይደል? እሱን ጨምረሽ የኔን ቁጥር በሳሙና ጻፊው። በኛም አኃዝ፣ በነሱም አኃዝ። ከሥር ስሟን፣ ከሚሴ ብለሽ ጨምሪ።»

«የአባቷን ቁጥር አይሻልም?» አልኩ።

«የአባቷ ስልክ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይጠፋል። የኔ አይቀየርም።»

አረብኛ መናገር እንጂ መጻፍ አልተማርኩም፤ አኃዙን ግን አውቃለሁ። በሳሙና ጻፍኩና በቀይ ክር፣ በእጅ መርፌ መስፋት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ረድፍ ስጨርስ ተቀበሉኝና አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰባት።»

«አንድ ነው የሚመስለው።»

«ሰባት መሆኑ ይታወቃል እትዬ።»

«ማን ነው የሚያውቀው?» ድምፃቸው ሲጠነክር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የሚያነበው እኮ የማያውቃት ሰው ነው። ቸኩሎ፣ ፈርቶ፣ ምናልባት በጭላንጭል ነው የሚያነበው። ተርትሪው።»

ተረተርኩት። ደግሜ ሰፋሁት፤ ደግመው ዳሰሱት፤ «ተርትሪው» አሉኝ። ሦስተኛውን ስሰፋ ነው ስለ ልጃቸው የነገሩን። ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። መጥፋቷን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ስሟን ጠርተው አያውቁም ነበር።

«የዒድ ዋዜማ ነው» አሉ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያወሩ ይመስል። «የሰው ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሮብኛል። በዚህ በር ላይ ቆመችና 'እማ፣ ልሄድ ነው' አለችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ገበያ መስሎኝ 'እሺ' አልኳት። ከአራት ቀን በኋላ ከባሕሩ ዳር ደወለች። ጀልባ ልንሳፈር ነው አለችኝ። በቃ። ከዚያ ወዲህ የለም። የከተማው ሰው 'ምን ለብሳ ነበር?' ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። እኔ ሰፊዋ፣ የገዛ ልጄ ምን ለብሳ እንደወጣች አላውቅም።»

ሀያት መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበታቸውን አቀፈች። መቅረት ግን አልቀረችም። ቁጥሩ በሦስተኛው ተስተካከለ። እትዬ ሉባባ እያንዳንዱን አኃዝ በአውራ ጣታቸው እየቆጠሩ ጨረሱና ጠርዙን ቀምቅመው ሰጧት። «ሂጂ። አላህ ከፊትሽ ይቅደም» አሏት።

አምስት ወር ምንም አልሰማንም። የእትዬ ሉባባ ስልክ ራሳቸው በሰፉላት ከረጢት ገብታ ከመኪናዋ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅላ ትውላለች። አንድ ሐሙስ፣ ከዙሁር ሶላት ትንሽ እንዳለፈ ጮኸች። እሳቸው አውጥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ማንበብ አልቻሉም። ለኔ ዘረጉልኝ።

«ረጅም ቁጥር ነው?»

«ረጅም ነው እትዬ።»

«አንሺው።»

የሴት ድምፅ ነው፤ በአረብኛ። ያን ቋንቋ ሁለተኛ ከአፌ አላወጣውም ብዬ ነበር የተመለስኩት። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት እንደምትሠራ ነገረችኝ። አንዲት ልጅ ከባሕር የመጡ ሰዎች ጥለዋት ሄደዋል፣ ትኩሳት አስቷታል፣ ስሟንም አትናገርም። ልብሷን ሲቀይሩላት ከጠርዙ ላይ ቁጥር ተሰፍቶ አገኙ። ሌላም ጽሑፍ አለ፣ ማንበብ አልቻልንም አለች። የሰማሁትን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኩ። እትዬ ሉባባ የመኪናዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ዕድሜዋን ጠይቂያት» አሉኝ።

ቁጥሩ የተሰፋው በሀያት ቀሚስ ላይ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔው ነኝ የሰፋሁት። ቢሆንም ጠየቅኩ።

«ሃያ ቢሆናት ነው አለች።»

ሰዓዳ በሕይወት ካለች ሠላሳን አልፋለች። እትዬ ሉባባ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በሩን ያዩ ነበር፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። በስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ «አሎ፣ አሎ» ትላለች።

«የሀያት አባት ይጠሩ» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋን አመስግኚልኝ። ልጅ እንዳላት ጠይቂያትና ልጅሽን ያሳድግልሽ በያት።»

ሥራ ዘግተን ስንለያይ እጄን ያዙኝ። «ዕድሜዋን መጠየቄን ለሀያት እንዳትነግሪያት። በሌላ ሰው ቦታ የመጣች እንዳይመስላት።»

ሀያት እስክትመለስ ሁለት ወር ፈጀ። እሷን ለማስመለስ አባቷ አንድ እግራቸው የመንግሥት ቢሮ፣ አንድ እግራቸው ማሳ ሆኖ ሰነበቱ። ስትመጣ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ፊቷ አጥንት ብቻ ሆኖ ነው። በበሩ ስትገባ መኪናዋ ቆመች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ እትዬ።»

«ቁጭ በይ። እነዚያን ሱሪዎች ተርትሪያቸው።»

ሀያት ምላጩን አንስታ መተርተር ጀመረች። እየተረተረች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ተረተረች። እትዬ ሉባባ መስፋታቸውን አላቋረጡም፣ እኔም አላቋረጥኩም። ማታ ላይ ሱሪዎቹ አልቀው ነበር።

ወሬው ተዳርሶ ከዚያ ወዲህ ልጆች ስፌት ሊማሩ ሳይሆን ቁጥር ሊያሰፉ መምጣት ጀመሩ። ከጨፋ ሸለቆ፣ ከሰንበቴ፣ ከየገጠሩ። እትዬ ሉባባ ማንንም አልመለሱም። ግን፣ «መጀመሪያ አንድ ሳምንት ተቀምጠሽ ተርትሪ» ይሏቸዋል። በዚያ ሳምንት ልባቸው ተመልሶ የቀሩ አሉ። አንዷ ዛሬ ጨፋ ሮቢት ላይ የራሷ መኪና አላት። የሚበዙት ግን ሳምንታቸውን ጨርሰው፣ ቁጥራቸውን አሰፍተው ሄዱ። «ሄደች?» ይሉኛል ማታ ማታ። «ሄደች እትዬ።» «ደከመኝ» ይላሉ፤ ነገ ጠዋት ግን በሩ ተከፍቶ ይገኛል። ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም እኔና ሀያት በየጠዋቱ አሥር አሥራ አምስት መርፌ ላይ ክር አስገብተን ከመጋረጃው ላይ እንሰካላቸው ነበር። ሲያልቅባቸው ሰው ይጠብቃሉ እንጂ አይጠሩንም።

ወደ ቀብራቸው የሄዱት ወንዶቹ ናቸው። እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶው ሊነሳ ሲል፣ ወንድማቸው ጋሽ ይመር ወደ ሴቶቹ ወገን መጥተው ቆሙ። በሰንበቴ ፀሐይ የጠቆረ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሦስት ቀን ውስጥ አንሰው ታዩኝ።

«የዛሬው ዱዓ ለሁለት ሰው ነው» አሉ። «ለእህቴና ለልጇ ለሰዓዳ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሀያት ነች የጠየቀችው። «ጋሽ ይመር፣ የሰዓዳ ነገር ታወቀ እንዴ?»

«የታወቀውማ ያኔውኑ ነው ልጄ። በዓመቱ አንዲት የባቲ ልጅ ተመልሳ መጥታ ነገረችን። በአንድ ጀልባ ነበሩ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ሰዓዳ ስትሰምጥ በዓይኗ አይታታለች። እህቴ ሰምታ ስትጨርስ 'እኔ በሕይወት እስካለሁ ስሟ በሙት ዱዓ እንዳይነሳ' ብላ አስማለችኝ። ይኸው ጠበቅኩላት። አሁን መሐላው አበቃ።»

«ታዲያ ስልኩን ያን ሁሉ ዓመት ለምን ከአጠገባቸው አላራቁትም?» አለች ሀያት።

«እኔም ጠይቄያት ነበር። 'ለሚደውል ሁሉ ነው' አለችኝ።» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ለሚደውል ሁሉ ነው እያለች፣ ሲጮህ ግን ፊቷ ይለወጥ ነበር።»

እኔ ያን ሐሙስ አሰብኩ። እያወቁ ነው ዕድሜዋን የጠየቁት። በዓይኗ ካየችው ልጅ አፍ ሰምተው፣ ስንት ዓመት አምነው ኖረው፣ ረጅም ቁጥር ሲደወል ለአንዲት ደቂቃ ያህል ያመኑትን ተረተሩት። ያን ደቂቃ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። የሰዓዳ ስም ከእናቷ ስም ቀጥሎ ሲጠራ ከሴቶቹ መሃል አንዷ ጮክ ብላ አለቀሰች። «አሚን» አልን። ለልጅቱ ቀብር የለም፣ ድንጋይ የለም፤ ያ «አሚን» ብቻ ነው የተደረገላት።

ከሀያት ጋር በአስፋልቱ ዳር ተያይዘን ተመለስን። ከባድ መኪኖች ወደ ደሴ እያገሱ ያልፋሉ፣ አቧራውም ይመታናል። ሦስት ቀን ተቀምጠን እግራችን አብጧል። ድንገት ሀያት ቆመች።

«ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ልጅ ተገኘች ስትያቸው እትዬ መጀመሪያ ምን አሉ?»

ፊቷን አየሁት። ፀጉሯ አድጎ ከሻሿ ሥር ወጣ ብሏል። የሁለት ዓመት ልጅ ቤት ትጠብቃታለች፤ ሉባባ ብላ ሰይማታለች።

«ስምሽን ነው የጠሩት» አልኳት።

«መጀመሪያ?»

«መጀመሪያ።»